እጇን ያየላት አልነበረም

ታናሽ እህቴ ሰው ሲወድቅ ካየች ወደዚያው የምትሮጥ ልጅ ነበረች። እኔ የምሮጠው በተቃራኒው ነው። ደም ማየት አልችልም፤ ስለዚህ ገና ጩኸት ስሰማ ፊቴን አዙሬ መንገዴን ነው። እሷ ግን ገና ስምንተኛ ክፍል እያለች፣ ሰፈራችን እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ ሞተር ሳይክል የገጨውን ሰውዬ ጭንቅላቱን ደግፋ ይዛ፣ "እንዳታንቀሳቅሱት!" እያለች ትልልቆቹን ወንዶች ስታስቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ከየት እንደሰማችው እንጃ። የሚገርመው ወንዶቹም ሰሟት። አባዬ ነገሩ ሲነገረው ሳቀና፣ "ይቺ ልጅ ሐኪም ካልሆነች ትራፊክ ፖሊስ ትሆናለች" አለ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤቷ ለሕክምና አልበቃ ሲላት አላለቀሰችም። ፒያሳ ከነበሩት የግል ኮሌጆች አንዱ የድንገተኛ ሕክምና ትምህርት መጀመሩን ሰማችና በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች። "ፓራሜዲክ ነው የምሆነው" አለችን። አባዬ ቃሉ አፉ ውስጥ አልዞር አለው እንጂ ነገሩስ ገብቶታል። ዕድሜውን ሙሉ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያከፋፍል የኖረ ሰው ነው፤ ኩሊ ከነሸክሙ ሲወድቅ፣ በጋሪ ተጭኖ ሐኪም ቤት ሲወሰድና መንገድ ላይ ሲያልቅ ስንቴ አይቷል። ለመስጊድ ጓደኞቹ "አምቡላንስ ላይ ሆና ሰው የምታተርፍ ማለት ናት" ብሎ አስረዳቸው።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ "ዶክተር" ነው የሚላት። የእኛ ሰፈር ሰው መቼ ትዕግሥት አለው! የሕግ ተማሪ ገና የግቢውን በር ሲረግጥ "ዳኛው" ይሉታል። እህቴም ገና ደብተር ሳትገዛ የአንዷን የወገብ፣ የሌላዋን የጨጓራ ሕመም ትሰማ ጀመር። ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት ጎረቤታችንማ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደ እናት ያሳደጉን ሴት፣ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ብቅ ካላለች አይተኙም ነበር።

ኮሌጁ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ኬክ ቤት። አንድ ጊዜ ምሳዋን ረስታ ላደርስላት ሄጄ ክፍሏን አይቼዋለሁ። ለልምምድ የሚጠቀሙበት አንድ የላስቲክ ሰው ነበራቸው፣ ከወገቡ በላይ ብቻ። "ጋሼ ላስቲክ" ይሉታል ተማሪዎቹ። ደረቱ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ስለተሰበረ ሲጫኑት እንደ ትራስ ስምጥ ይልና እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ በእጅ ጎትተው ያወጡታል። እህቴ ክንዷን ቀጥ አድርጋ እንዴት እንደሚጫኑት አሳየችኝ፤ ጓደኞቿ "ጋሼ ላስቲክ ዳነ!" ብለው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

መጀመሪያ ያስተማራቸው ሰው በእህቴ አፍ ጎበዝ ነበር። በርትታችሁ ተጫኑ፣ አትፍሩ ይላቸው ነበር። እሱ መሃል ላይ ለቆ ሄደ። የተተካው ደግሞ፣ "ኧረ ቀስ! እንዲህ ከተጫናችሁት ጎድኑን ሰብራችሁ ነው የምትገድሉት" አላቸው። "የትኛው ነው ልኩ?" ብላ ስትጠይቀው፣ "ፈተና ላይ እኔ የነገርኩሽን ጻፊ" አላት። አምቡላንስ ላይም ለልምምድ ትወጣላችሁ ተብለው ነበር። አንድ ቀን የቆመ አምቡላንስ ዘንድ ወሰዷቸው፤ ገብተው ፎቶ ተነስተው ወጡ።

አንድ ከሰዓት ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት መጣች። "ዛሬ ኮሌጃችን እንግዳ መጥቶበት ነበር" አለች። እንግዶቹ እውቅና ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የመጡ ገምጋሚዎች ናቸው። ጠዋት ገና ሳይመጡ አንድ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመና፣ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ጎማ ያለው አልጋ፣ እግር ያለው ሙሉ የላስቲክ ሰው ከሌላ ኮሌጅ ተጭኖ መጣ። ተማሪዎቹ በደረጃው ተሸክመው አወጡት። ጋሼ ላስቲክን መጸዳጃ ቤት ደበቁት። አይተውት የማያውቁት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ "መምህራቸው" ተብሎ ከፊት ቆመ። ገምጋሚዎቹ ሲወጡ ሁሉም ዕቃ ተመልሶ ወረደ፤ ሰውዬውም አብሮ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። እህቴ የኮሌጁን ሥራ አስኪያጅ ላብ መጥረግና መንቆራጠጥ እያስመሰለች ስታሳየን አባዬ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጎረቤታችን "ወይ ጉድ!" እያሉ ጉልበታቸውን መቱ።

አሁን ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል። ያኔ ግን ማንኛችንም ክፉ ነገር አልታየንም፤ ለምን ቢባል እኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ መዋስ ደንብ ነው። ለኒካህ ሳህኑ ከላይኛው ቤት፣ ወንበሩ ከእድር፣ ምንጣፉ ከጎረቤት ይመጣል፤ እንግዳው ሲሸኝ ዕቃው ሁሉ ወደየቤቱ ይገባል። ነውር የለውም። እንዲያውም የማይዋስ ሰው ነው ኩሩ ተብሎ የሚታማው። ስለዚህ ኮሌጁ ያደረገው ነገር ለእኛ እንግዳ ማክበር ነበር። አባዬ እንኳ፣ "አላሳፈሩም፣ ጥሩ አድርገዋል" ነው ያለው። ገምጋሚ ማለት እንግዳ አለመሆኑን አላሰብንም።

ተመረቀች። አባዬ ለኢድ ብቻ የሚያወጣውን ኮት ለብሶ መጣና አዳራሹ ውስጥ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ቆመ። ሲወጣ ለማያውቃቸው ወላጆች ሁሉ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ይላል። እሷ በበኩሏ ሥራ የምታስገባትን የብቃት ምዘና ፈተና፣ ሁሉም ሲኦሲ የሚለውን፣ ለመፈተን ቀን ትቆጥር ነበር። ያለ እሱ አምቡላንስ ላይ መውጣት የለም።

ልትመዘገብ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ስሟን ፈልጎ አጣ፣ ኮሌጁን ፈልጎ አገኘ፣ ከዚያ "ውስጥ ግቡ" አለን። ውስጥ መነጽር ያደረጉ ሴት ኃላፊ ነበሩ። ኮሌጁ በሌሎች ሙያዎች ለማስተማር እውቅና እንዳለው፣ በድንገተኛ ሕክምና ግን ጠይቆ እንደተከለከለ ነገሩን። ገምጋሚዎቹ የላስቲኩን ሰው እግር ገልብጠው ሲያዩ ሶሉ ላይ የሌላ ኮሌጅ ስም ተጽፎ አግኝተዋል። ኮሌጁ እንዳያስተምር ተነግሮት ነበር፤ ለተማሪዎቹ ሳይነግር ማስተማሩን ቀጠለ።

እህቴ የምስክር ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። እኔ ግን ዝም የማልል ሰው ነኝ። "እና ያ ሁሉ ጊዜ የት ነበራችሁ? እኛ በምን እንወቅ?" ብዬ ጮህኩባቸው።

"ከመመዝገባችሁ በፊት መጥታችሁ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር፣ የኔ እህት።"

"እሺ፣ ማነው ቲማቲም ሲገዛ ሻጩን ፈቃድ አለህ ወይ የሚለው?"

"ቲማቲሙንማ አገላብጠሽ ታይዋለሽ" አሉኝ ሴትየዋ፣ ሳይቆጡ።

ሴትየዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ወንበራቸውን ወደ እህቴ አዞሩና እንዲህ አሏት፤ "አልተማርሽም አላልኩሽም። ምናልባት ጥሩ አድርገው አስተምረውሽ ይሆናል። ግን የተማርሽው ልክ መሆኑን ቆሞ ያየ ሰው የለም። አምቡላንስ የሚጠራ በሽተኛ አገላብጦ አይመርጥሽም፤ ራሱን ስቶ ነው የምታገኚው። ስለዚህ እሱን ተክቶ ቀድሞ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። እውቅና የምንለው ይኸው ነው።" ከዚያ፣ እውቅና ባለው ኮሌጅ ከመጀመሪያው ብትጀምር እንደሚሻል መከሯት።

ከዚያ ወጥተን በቀጥታ ኮሌጁን ልንጣላ ሄድን። ኧረ የታለ ሕንፃው! ከነኬክ ቤቱ፣ ከነደረጃው ፈርሶ መሬቱ ተደልድሏል፤ ሠራተኞች የእግረኛ መንገድ ድንጋይ እያነጠፉ ነው። ኮሌጁ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ፤ የሥራ አስኪያጁ ስልክ አይነሳም። አብረዋት የተማሩት ልጆች ከታጠረው ቆርቆሮ ሥር ቆመው ነበር፤ እርስ በርስ መተያየት አፍረው ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔ ተሳደብኩ። የምሳደበው ሰው ስላልነበረ ቆርቆሮውን ነው የተሳደብኩት። እህቴ እጄን ይዛ ጎትታ ወሰደችኝ።

አባዬ ሲሰማ ለራሱ አልተናደደም። "እንግዲህ እኔ አይቼሻለሁ፤ ለእኔ ዶክተር ነሽ" አላት። ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ሴትየዋ የተናገሩት ነገር ሆዷ ገብቶ ተቀምጧል። የግፊት መለኪያዋን ከአልጋ ሥር አስገባችው። ጎረቤታችን ክንዳቸውን ዘርግተው ሲመጡ፣ "ጤና ጣቢያ ይሂዱ እማማ፣ እኔ አላውቅም" ትላቸዋለች። "እንዴት አታውቂም? ትናንት ስታውቂ አልነበር?" ይሏታል። አባዬ ራሱ ግፊት ነበረበት። "እስቲ ዶክተር፣ ልቤ አለ ወይስ የለም?" ብሎ ደረቱን ገልጦ ሲቀልድባት፣ ድሮ ጆሮዋን ለጥፋ "የለም፣ ሽንኩርት ብቻ ነው ያለው" ትለው የነበረችው ልጅ፣ "ሌላ ሰው ጋ ሂድ አባዬ" ብላ ትነሳለች።

ስድስት ኪሎ እኔ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት አስገባኋት። እኔ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ እሷ ማሽኑ ላይ ትቆማለች። ጥሩ አሳብ መስሎኝ ነበር። የሕክምና ተማሪዎች ማንበቢያቸውን ሊያባዙ ሲመጡ ግን ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ከማድረጓ በፊት ታነበዋለች። "ይኼንን እንዲሁ ነው የተማርነው" ትላለች ደስ ብሏት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ይኼ ግን እንደዚህ አይደለም የነገሩን" ትላለች። ወረፋ የያዙት ይነጫነጫሉ። ከተማረችው ውስጥ የትኛው እውነት፣ የትኛው ከመምህራኑ ጭንቅላት የወጣ እንደሆነ ልትለይ ትፈልጋለች፤ ግን እንዴት ብላ ትለየው? አንድ ቀን ማሽኑን አጥፍታ፣ "አንዱ ውሸት ሲሆን እኮ ሁሉንም ነው የምጠራጠረው" አለችኝ። አዲስ ኮሌጅ እንድትመዘገብ ስንጨቀጭቃት፣ "እሺ፣ በሚቀጥለው ዓመት" ትለናለች።

ዓርብ ቀን ነበር። አባዬ ከጁምዓ ተመልሶ ምሳ ቀርቦለት ነበር፤ ጎረቤታችንም አብረውን ነበሩ። ስለ መንገዱ ሥራ ሲያወራ አቋረጠና፣ "ደረቴን ያዘኝ" አለ። እጁን ወደ ደረቱ ወስዶ ሳያደርስ ከሶፋው ወደ ምንጣፉ ወደቀ።

ጎረቤታችን ጮኹ፤ ቤቱ በአንድ አፍታ ሰው ሞላው። አንዱ ውኃ አምጡ ይላል፣ አንዱ ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት ይላል። እህቴ ሁሉንም በክርኗ ገፍታ ገባች። ወላሂ፣ ያቺ የቁልቁለቱ ልጅ ተመልሳ መጣች። "ወደኋላ! አየር ስጡት!" አለች፤ እኔን ደግሞ፣ "አምቡላንስ ጥሪ፣ ራሱን ስቷል በያቸው!" እየደወልኩ አያታለሁ። አንገቱን ዳሰሰች፣ ፊቷን ወደ አፉ አስጠግታ አዳመጠች፣ ከዚያ ተንበርክካ፣ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ደረቱን መጫን ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች። በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት ኮርቼባት አላውቅም፤ አባዬ መሬት ወድቆ እኔ ኮራሁ።

ያን ጊዜ ነው ያ ድምፅ የተሰማው። ቀጭ። በር ላይ የቆሙት ሳይቀሩ ሰምተውታል።

እህቴ እጇን እሳት እንደነካው ሰው አነሳች። መቁጠሩን አቆመች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"ጎድኑን ሰበርኩት" አለችኝ።

"ምን ይደረግ?" አልኳት።

"አላውቅም። ሁለተኛው መምህር ትገድሉታላችሁ ብሎናል። የመጀመሪያው ግን..." እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ነው። "ልክ መሆኔን አላውቅም! ማን አየኝ? ማንም እኮ አላየኝም!"

ጎረቤታችን ትከሻዋን አቀፏትና፣ "ልጄ፣ ተይው በቃ፣ አታሠቃዪው" አሏት እያለቀሱ። ለአባዬ አዝነው ነው። እህቴ ወደኋላ ተቀመጠች፤ እጇን ብብቷ ሥር ደበቀችው።

መኪና እኛ ቤት ድረስ አይገባም። ወንዶቹ አባዬን በብርድ ልብስ ተሸክመው በጠባቡ መንገድ ወደ አስፋልቱ አወጡት። አምቡላንሱ የመንገዱ አፍ ላይ ሲደርስ አብረን ደረስን። አንዲት ቀጭን ልጅ ከኋላ ዘላ ወረደች፤ የእህቴ እኩያ ትሆናለች። አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ ደረቱን መጫን ጀመረች፤ መኪናው ውስጥ ሲገባም አላቆመችም። እህቴ አጠገቤ ቆማ የልጅቷን እጅ ብቻ ታያለች። አጫጫኗ፣ ክንዷ፣ ቁጥሯ፣ ሁሉም እሷ ስታደርገው የነበረው ነው። እኔ እንኳ አወቅኩት።

ሆስፒታል ብዙ አልቆየንም። አንድ ሐኪም ወጣና ነገረን። ጎረቤታችን "ኢና ሊላሂ" ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ግድግዳውን በቡጢ መትቼ ነበር መሰለኝ፣ በኋላ እጄ አብጦ አገኘሁት።

ያቺ የአምቡላንስ ልጅ ሳትሄድ መጣችና አጠገባችን ተቀመጠች። "አላህ ያጽናችሁ" አለችን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ከእኔ በፊት ደረቱን የተጫነው ሰው ነበር አይደል? ማነው?" አለች።

እህቴ ልትከሳት የመጣች መስሏት ተነስታ ቆመች። "እኔ ነኝ። ጎድኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

"ጎድንማ ይሰበራል እኮ" አለች ልጅቷ ገርሟት። "በደንብ ስትጫኚ ብዙ ጊዜ ይሰበራል። ልክ ነበርሽ። ለምን አቆምሽ?"

ልጅቷ ክፋት አልነበራትም፤ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የእህቴን ፊት ያየችው። ደነገጠችና እጇን ያዘቻት። "ይቅርታ፣ እንደዚያ ለማለት አይደለም። እኔም ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ቀን አምቡላንስ ላይ ስወጣ፣ ያ ድምፅ ሲሰማኝ እጄን አንስቻለሁ። ሁሉም ያነሳል። መምህሬ አጠገቤ ነበረች። 'ቀጥዪ' አለችኝ፣ ቀጠልኩ።"

"ብቀጥል ይተርፍ ነበር?" አለቻት እህቴ።

"አላውቅም" አለች ልጅቷ። "ማንም አያውቅም።"

አባዬን በማግስቱ ቀበርነው። ለቀስተኛው ሁሉ "ቀኑ ደርሶ ነው" ይለናል፣ እህቴም አንገቷን ትነቀንቃለች። አዲስ ኮሌጅም አልገባችም፤ ዛሬም ማሽኑ ላይ ናት፤ ወረቀቱን ግን ማንበብ ትታለች። እኔን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ዕለት ቀና ብላ ያየችው እኔን ነበር። ያቺ የአምቡላንስ ልጅ ከመምህሯ የሰማቻት አንዲት ቃል ናት ለእህቴ የጠፋቻት፤ ደግሞ ለመናገር ትምህርት አትጠይቅም፣ እኔ እንኳ ልላት እችል ነበር። አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ቃሏን አላውቃትም ነበር።